ፊልም አፉን ሲፈታ፦ ስለ አል ጆልሰን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ፊልም እወዳለሁ። የጆልሰንን ስም ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ደግሞ ብዙም አይለያዩም። እስቲ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው። ቀኑና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አል ጆልሰን ማነው?

ዘፋኝ ነው። ተዋናይም ቀልደኛም ነበር፣ ከሁሉም በፊት ግን ዘፋኝ። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በአሜሪካ መድረክ ላይ ከሱ የገነነ ስም ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው በአንድ ፊልም ነው፣ በ1927 በወጣው «ዘ ጃዝ ሲንገር»። ያን ጊዜ ሲኒማ መግባት ማለት ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ አይቶ ምን እንዳለ ከሸራው ላይ በጽሑፍ ማንበብ ነበር። ሕዝቡ ጆልሰንን ከሰማ በኋላ ግን ወደ ጽሑፉ መመለስ አልፈለገም።

ትውልዱ የት ነው?

ሊቱዌኒያ። ያኔ አገሩ በሩሲያ ዛር ሥር ነበር። ስሬድኒክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ፣ 1886 ግድም ተወለደ። ግድም የምለው ልደቱ በወጉ ስላልተመዘገበ ነው። በኋላ ሲያከብረው የኖረውን ሜይ 26ን ራሱ ነው የመረጠው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ደግሞ አሳ ዮኤልሰን ነው።

አባቱ ሞሰስ ዮኤልሰን ረቢና ሃዛን ነበሩ። ሃዛን ማለት በምኩራብ ጸሎቱን በዜማ የሚመራ ሰው ነው። በኛ አገር መሪጌታ በሉት። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ቢያንስ አባትየው እንዲወርድ ይመኛል። ሞሰስም ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ሂርሽንና አሳን፣ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ዜማ ያስተምሯቸው ነበር።

አባትየው በ1891 ቀድመው አሜሪካ ገቡ። በ1894 ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አስመጡ። ቤተሰቡ ግን እዚያ አንድ ላይ የኖረው ለጥቂት ወራት ነው። በ1895 መጀመሪያ ላይ እናታቸው ናኦሚ ሞቱ። አሳ ያኔ ስምንት ዓመት ገደማው ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ታዲያ እንዴት ዘፋኝ ሆነ?

ከመንገድ ተነስቶ። ሁለቱ ወንድማማቾች ዋሽንግተን ውስጥ መንገድ ላይ እየዘፈኑ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። ለአባታቸው ይህ ትልቅ ውርደት ነው። የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነ እንደማለት አስቡት። ልጆቹ ግን አልሰሙም። ሂርሽ ሃሪ ተባለ፣ አሳ አል ተባለ፣ ዮኤልሰን ደግሞ አጥሮ ጆልሰን ሆነ።

በ1902 ሰርከስ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቮድቪል፣ ማለትም ዘፈኑም ቀልዱም አክሮባቱም በአንድ ምሽት የሚቀርብበት ርካሽ ትያትር። ከከተማ ከተማ በባቡር፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። ትልቁ በር የተከፈተለት በ1911 ነው። ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ዊንተር ጋርደን የሚባል አዲስ ትያትር ቤት ሲመረቅ ከተዋናዮቹ አንዱ ሆኖ ቀረበ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤቱ የሚሞላው በሱ ስም ነበር።

ምኑ ነበር ሰዉን እንዲህ የያዘው?

ማይክ የለም። ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። ከሺህ በላይ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ላለው ሰው ጭምር በጉሮሮህ ብቻ መድረስ አለብህ። ጆልሰን ይህን ችሎታ ያገኘው ከአባቱ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። የምኩራብ ዜማ ጉሮሮን ይከፍታል፣ ድምፅን ማስረዘምና ማንቀጥቀጥ ያስተምራል፣ ቃሉ ላይ ማልቀስ ያስተምራል። እሱ ያንን ሁሉ ይዞ የመንደር ዘፈን ዘፈነበት።

ደግሞ ከመድረኩ ተነስቶ በተመልካቹ መሃል የሚያልፍ መተላለፊያ አሠርቶ ሰዉ መካከል እየገባ ይዘፍን ነበር። አንዳንድ ቀን የድራማውን ታሪክ መሃል ላይ ትቶት «ታሪኩን ልጨርስላችሁ ወይስ ልዝፈንላችሁ?» እያለ ይጠይቃል። መልሱን መገመት አያቅትም። ከጭብጨባው በኋላ የሚጥላት አንዲት አባባልም ነበረችው፦ «ቆይ ቆይ፣ ገና ምን ሰማችሁና!» በኋላ ይህችው አባባል ነች ፊልሙ ውስጥ የገባችው።

እንዲህ ዝነኛ ከሆነ ለምን ቀድሞ ፊልም አልሠራም?

ሞክሯል። በ1923 ከታዋቂው ዳይሬክተር ዴቪድ ግሪፊዝ ጋር አንድ ድምፅ አልባ ፊልም ጀምሮ ነበር፣ ጥሎት ሄደ። ነገሩ ክስ ድረስ ደርሷል። እኔ አልፈርድበትም። ድምፁን ወስደህ ጆልሰንን ብታስቀር የሚቀርህ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው።

«ዘ ጃዝ ሲንገር» የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ፊልም ነው?

አይደለም። ብዙ ቦታ እንዲያ ተብሎ ተጽፏል፣ ግን ስህተት ነው። የዋርነር ወንድማማቾች ኩባንያ በኦገስት 1926 «ዶን ሁዋን» የሚል ፊልም ከሙዚቃና ከድምፅ ማጀቢያ ጋር አሳይቶ ነበር። ንግግር ግን የለውም። በዚያው ዓመት ጆልሰን ራሱ ሦስት ዘፈን የዘፈነበት አጭር ፊልም ወጥቷል። ከዳር እስከ ዳር ንግግር ያለው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ደግሞ በጁላይ 1928 የወጣው «ላይትስ ኦፍ ኒውዮርክ» ነው።

ታዲያ የ1927ቱ ምኑ ነው አዲስ? በረጅም ፊልም ውስጥ፣ በታሪኩ መሃል፣ ገጸ ባሕርዩ አፉን ከፍቶ ሲናገር ድምፁ ከከንፈሩ ጋር ገጥሞ ተሰማ። እሱም ቢሆን ንግግሩ ሁሉ ተደምሮ ወደ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ሙዚቃና የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ድምፁን እንዴት ነው ከምስሉ ጋር ያስኬዱት?

በሸክላ! ይህ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለኛል። ዘዴው ቫይታፎን ይባላል። ድምፁ ፊልሙ ላይ አልተቀረጸም፣ ለብቻው ሸክላ ላይ ነው ያለው። ሸክላው ትልቅ ነው፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል። መርፌው የሚነሳው እንደለመድነው ከዳር አይደለም፣ ከመሃል ተነስቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሸክላ ማጫወቻውና ፕሮጀክተሩ በአንድ ሞተር ስለሚዞሩ እኩል ይሄዳሉ።

አሁን የፊልም ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ አስቡት። «ዘ ጃዝ ሲንገር» 15 ጥቅል ፊልምና 15 ሸክላ ነበረው። አንዱ ሳያልቅ ቀጣዩን ፊልም ማስገባት፣ ሸክላውን መቀየር፣ መርፌውን ምልክቱ ላይ በትክክል ማስቀመጥ አለበት። መርፌዋ አንድ መስመር ከዘለለች ጆልሰን አፉን ከዘጋ በኋላ ዘፈኑ ይሰማል። ሸክላው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፣ ባጫወቱት ቁጥር አንዷ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ወደ 20 ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ይቀየራል።

የጆልሰን የመጀመሪያ አጭር ፊልም ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ጠፋ ተብሎ ነበር። ምስሉ ከተገኘ በኋላ ድምፁ የተመለሰው ተሰብሮ ከተጣበቀ ሸክላ ላይ ነው።

የፊልሙ ታሪክ የራሱ ሕይወት ነው?

የሱ ነውም፣ አይደለምም። በ1917 ሳምሶን ራፋኤልሰን የሚባል ተማሪ ኢሊኖይ ውስጥ ጆልሰን ሲዘፍን ያያል። እንዲህ ያለ ስሜት የሰማሁት ከምኩራብ ሃዛኖች ብቻ ነው ብሎ ተገረመ። ከዚያ ተነስቶ አጭር ልብወለድ ጻፈ፣ በ1925 ደግሞ ወደ ትያትር ለወጠው። ስለዚህ ታሪኩ ከጆልሰን የተነሳ ነው፣ ጆልሰን ግን አልጻፈውም።

ታሪኩ ይህ ነው። ጄኪ ራቢኖዊትዝ ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኛ አይሁዶች በሚኖሩበት ሰፈር ያደገ የሃዛን ልጅ ነው። በዮም ኪፑር ዋዜማ ቢራ ቤት ውስጥ ሲዘፍን ይያዛል። አባቱ ይገርፉታል፣ ከቤት ይጠፋል። ዓመታት አልፈው ጃክ ሮቢን የተባለ ዘፋኝ ሆኖ ይመለሳል። ብሮድዌይ ላይ ትልቁ ምሽቱ ሲደርስ አባቱ አልጋ ላይ ወድቀዋል፣ በምኩራቡ ደግሞ የዮም ኪፑርን «ኮል ኒድሬ» የሚያዜም ሰው የለም። የቱን ይምረጥ?

ዮም ኪፑር የስርየት ቀን ነው። ቤተ እስራኤላውያን በግዕዙ አስተስርዮ የሚሉት ያው ቀን ነው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ቀኑ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝም። «ኮል ኒድሬ» ግን ከአውሮፓ አይሁዶች ወገን የመጣ ዜማ ስለሆነ በጎንደርና በትግራይ መንደሮች አልነበረም።

ትያትሩ ላይ ልጁ መድረኩን ትቶ ሃዛን ሆኖ ይቀራል። ፊልሙ ላይ ሁለቱንም ያገኛል። «ኮል ኒድሬ»ን ያዜማል፣ አባቱ እየሰሙት ይሞታሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ በዊንተር ጋርደን መድረክ ላይ ሲዘፍን እናቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዩታል። እኔን ብትጠይቁኝ የትያትሩ መጨረሻ ይበልጣል። ሆሊውድ ልጁን ምንም ሳያስከፍለው ሁሉንም ሰጠው።

ጆልሰን ነበር የመጀመሪያው ምርጫ?

አልነበረም። ትያትሩን የተጫወተው ጆርጅ ጄሰል ነው፣ ፊልሙም ለሱ ነበር የታሰበው። በክፍያ አልተስማሙም። ኤዲ ካንተርም ተጠይቆ አልፈልግም አለ። ጆልሰን በ75,000 ዶላር ፈረመ።

ያቺ ዝነኛ ትዕይንት የትኛዋ ነች?

ሰው በብዛት የሚጠቅሰው «ገና ምን ሰማችሁና» የሚለውን ነው። እኔ የምወዳት ሌላ ነች።

ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ ቤት ተመልሷል። አባቱ የሉም። ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ለእናቱ የአርቪንግ በርሊንን «ብሉ ስካይስ» ይዘፍንላታል። በርሊንም በነገራችን ላይ ከሩሲያ ግዛት የመጣ ስደተኛ ነው፣ አባቱም ሃዛን ነበሩ። ዘፈኑን መሃል ላይ ያቆመውና ዞር ብሎ ያወራታል። ከተሳካልኝ ከዚህ ሰፈር አወጣሻለሁ፣ ብሮንክስ እንገባለን፣ እዚያ ለምለም ሣር አለ፣ የምታውቂያቸው ሰዎችም አሉ ይላታል። ቀሚስ እገዛልሻለሁ፣ የሥጋ ሻጩ ሚስት ትቀናብሻለች። መዝናኛ ቦታም እወስድሻለሁ። እጁ ፒያኖውን አልለቀቀም፣ በአንድ በኩል ያወራል፣ በአንድ በኩል ይነካካል። ይህ አብዛኛው ከአፉ እንደመጣለት የተናገረው እንጂ ተጽፎ የተሰጠው አይደለም። እናቱን የምትጫወተው ዩጂኒ ቤሰረር ምን እንደምትመልስ ግራ ገብቷት በሹክሹክታ ትመልሳለች፣ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። ያ ነው ደግሞ እውነተኛ የሚያስመስለው። አፋር እናት ልጇ ሲያሞካሻት እንዲህ ነው የምትሆነው።

ከዚያ ዘፈኑን ሞቅ አድርጎ እንደገና ሲጀምር አባትየው በር ላይ ይደርሳሉ። አንዲት ቃል ብቻ ይጮኻሉ፦ «በቃ!» ፒያኖው ቀጥ ይላል። ከዚያ ንግግር የለም። አባትና ልጅ ሲጣሉ እንደድሮው አፋቸው እየተንቀሳቀሰ በጽሑፍ ነው የምናነበው።

እንግዲህ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አምጡት። ፊልም አፉን ሲፈታ በረጅሙ ያወራው ከእናት ጋር ነው። ያን የሚያወራው ሰው ደግሞ እናቱ ቀሚስ ሊገዛላቸው ቀርቶ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው የሞቱበት ሰው ነው። ብሮንክስም ሣሩም ለናኦሚ አልደረሰም። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ትዕይንቷን ያለ እንባ አላየሁም።

ለምንድነው ፊቱን ጥቁር የሚቀባው?

በጣም የሚጠየቅ ነው፣ መጠየቅም አለበት።

ከ1830ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ነጭ ተዋናዮች በተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን አግንነው፣ ባሪያ የተደረጉ አፍሪካውያንን እንደ ሰነፍና እንደ ሞኝ እያደረጉ ያስቁ ነበር። ትልቅ ንግድ ነበር። «ጂም ክሮው» የሚለው ስም ራሱ፣ በኋላ የዘር መለያየት ሕጎቹ መጠሪያ የሆነው፣ ከዚህ ዓይነት ዘፈን የወጣ ነው። ጆልሰን ወደ ሙያው ሲገባ ልማዱ 70 ዓመት አልፎታል። እሱም በ1904 ግድም መቀባት ጀመረ፣ ሲቀባ ነፃነት ይሰማው ነበር ይባላል፣ አልተወውም።

ልማድ ነበር ማለት ግን ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። በዚያው ዘመን ጥቁር አርቲስት በራሱ ፊት ያንን መድረክ ማግኘት አይችልም ነበር። በርት ዊሊያምስ የሚባለው ታላቅ ጥቁር ኮሜዲያን፣ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ሥራ ለማግኘት ፊቱን በቡሽ ይቀባ ነበር። ይህን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ልጁ መልበሻ ክፍል ተቀምጦ ቡሹን ይቀባል፣ ጸጉሩን ያጠልቃል፣ መስታወቱን ያያል። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው አባቱ ነው፣ በምኩራብ ሲያዜም። ደራሲዎቹ የአይሁድን ስደትና የጥቁርን ሐዘን አንድ ያደረጉ መስሏቸው ይሆናል። እኔ የማየው ግን አንድ ስደተኛ አሜሪካዊ ለመሆን የሌላውን ፊት ሲዋስ ነው፣ ባለፊቱ ግን በር ላይ ቀርቷል።

ታዲያ ዘረኛ ነበር?

ሰውየውን የሚያውቁ ጥቁር አርቲስቶች መልካም ነገር ተናግረውለታል። ኖብል ሲስልና ዩቢ ብሌክ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አናስተናግድም ባላቸው ጊዜ ጆልሰን ሰምቶ ራሱ ፈልጎ እራት ጋብዟቸዋል። በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም የሚታተመው ጋዜጣ አምስተርዳም ኒውስም ፊልሙን ያኔ አወድሶታል። ይህ እውነት ነው። ምስሉ በሚሊዮን ሰው አእምሮ ውስጥ የተከለው ነገርም እውነት ነው። እራቱ ቡሹን አያጥበውም። ሁለቱንም ይዤ ነው የማየው፣ ልጆች ካሉ ደግሞ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት እንዴት ነበር?

ኦክቶበር 6 ቀን 1927፣ ኒውዮርክ፣ የዋርነር ትያትር። ቀኑ የተመረጠው ከዮም ኪፑር ጋር እንዲገጥም ነው። ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ ተመልካቹ ትያትር ቤት ያለ ይመስል ለሸራው ያጨበጭብ ነበር።

ከዋርነር ወንድማማቾች ግን አንድም አልተገኘም። እነሱም የስደተኛ ልጆች ናቸው፣ ቤተሰቡ ከፖላንድ የመጣ። የድምፅ ፊልሙን ሐሳብ ከሁሉ በላይ የገፋው ሳም ዋርነር ነበር። ሳም በዋዜማው፣ ኦክቶበር 5፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር። የለፋበትን ሳያይ ሄደ፣ ወንድሞቹም ለቅሶ ላይ ነበሩ።

ገንዘብ አስገባ?

በደንብ። ወጪው 422,000 ዶላር ገደማ ነበር፣ ያስገባው ወደ 2.6 ሚሊዮን። ቀጣዩ ፊልሙ፣ የ1928ቱ «ዘ ሲንጊንግ ፉል»፣ ደግሞ ከእጥፍ በላይ አስገባ፣ 5.9 ሚሊዮን ገደማ። ሲኒማ ቤቶች የድምፅ መሣሪያ ለማስገባት የተሯሯጡት ያኔ ነው።

ኦስካር አገኘ?

ጆልሰን አላገኘም። በ1929 በተደረገው የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ላይ የዋርነር ኩባንያ በዚህ ፊልም ልዩ ሽልማት ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

በ1930ዎቹ ፊልሞቹ ቀዘቀዙ። ማይክ መጣ። ቢንግ ክሮዝቢን የመሰሉ ዘፋኞች ጆሮ ሥር እንደሚያወሩ ዝቅ አድርገው መዝፈን ጀመሩ። ለመጨረሻው ወንበር ሲጮህ የኖረ ሰው ከነሱ ጋር ሲተያይ የበዛ መሰለ። በሩን የከፈተው ቴክኖሎጂ ራሱ ነው ገፋ ያደረገው።

በ1946 ግን ሕይወቱን የሚተርክ ፊልም ወጣ። የተወነው ላሪ ፓርክስ ነው፣ የሚዘፍነው የጆልሰን የራሱ ድምፅ። ወጣቶች እንደ አዲስ ወደዱት። በሴፕቴምበር 1950 በራሱ ወጪ ኮሪያ ሄዶ ለወታደሮች ዘፈነ፣ በ16 ቀን 42 ጊዜ። የኛ ቃኘው ሻለቃ እዚያ የደረሰው በ1951 ስለሆነ አልሰሙትም። ጆልሰን እንደተመለሰ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 1950፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሆቴል ክፍሉ ካርታ እየተጫወተ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ።

ፊልሙን ዛሬ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። 89 ደቂቃ ነው።

ሙሉውን ለማየት ትዕግስት የለኝም፣ የቱን ልይ?

ፒያኖውን። ልጁ ቤት የሚመለስበትን ፈልጉ፣ ማዳመጫ አድርጉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉ። እሱን አትስሙ፣ እሱን ሁሉም ሰምቶታል። ከሱ ንግግር ሥር የእናትየውን ሹክሹክታ ስሙ።